ስልኬ ድሬዳዋ ቀርቶ ነበር



ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ስልክና ስለ ከተማ ኑሮ ነው። «ደግሞ ኡስታዙ ስለ ስልክ ሊቆጣን መጣ» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ አልቆጣም። ስለ ስልክ ለመቆጣት አፍ ያለኝ ሰው አይደለሁም። ለምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ሻይ ያዙ።

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ መስጂድ የኢማም ረዳት ነኝ። ሰው «ኡስታዝ» ይለኛል፤ ስሙ ትልቅ ነው፣ ሥራው ግን ብዙ ዓይነት ነው። ኢማሙ ሲታመሙ ወይም መንገድ ሲሄዱ አሰግዳለሁ፤ ከአሱር በኋላ ልጆች አቀራለሁ፤ ማይክ ሲያፏጭ አስተካክላለሁ፤ ጁሙዓ ቀን ጫማው የጠፋበትን ሰው አጽናናለሁ። ጫማ የጠፋበትን ሰው ማጽናናት ከሁሉም እንደሚከብድ ልንገራችሁ።

የመጣሁት ከአርሲ ገጠር ነው። ለቂርኣት ከቤት የወጣሁት በልጅነቴ ሲሆን የቀራሁበት ቦታ መብራትም ስልክም አልነበረውም። የእጅ ሰዓት የነበራቸው ሸኻችን ብቻ ነበሩ፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ ቆማ ነው የምትገኘው። ስለዚህ እኛ ደረሶች ሰዓት የምናየው መሬት ላይ ነበር። ግቢው መሐል ቀጥ ያለ ዱላ ተተክሏል። ጥላው እያጠረ እያጠረ ሄዶ መልሶ ማደግ ሲጀምር ዙሁር ገባ እንላለን። ያቺ በጣም አጭሯ ጥላ በጠጠር ምልክት ይደረግባታል። በእሷ ላይ የዱላው ቁመት ያህል ሲጨመር አሱር ደረሰ። ይኼው ነው። ባትሪ አያልቅበት፣ ኔትወርክ አይጠፋበት።

ጥላው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሰሜን ይወድቃል። ሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ ጸሐይ አናታችን ላይ ስለምትቆም ጥላው ከነጭራሹ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞራል። እኔ ይህን ያወቅሁት ከጂኦግራፊ መጽሐፍ ሳይሆን ሸኻችን «ሂድና ጥላውን አይተህ ና» እያሉ ሲልኩኝ ነው። ያኔ መላላኩ ይሰለቸኝ ነበር። ትምህርት መሆኑ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ከዚያ አዳማ መጣሁ።

አዳማን የምታውቁ ታውቋታላችሁ። ሙቀቷ ገና በሦስት ሰዓት ሰላም ይላችኋል። ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው አብዛኛው ከባድ መኪና በእሷ በኩል ያልፋል። በሞጆ በኩል ስትገቡ ኮረብታው ላይ የነፋስ ማማዎቹ ይሽከረከራሉ፤ በመጀመሪያው ዙር 34፣ በሁለተኛው ዙር 102 የተተከሉ ናቸው። ከሥራቸው ደግሞ የጋሪ ፈረስ ጆሮውን ጥሎ ይሄዳል። በአንድ መንገድ ላይ ጋሪው፣ ባጃጁና የፍጥነት መንገዱን ለምዶ የመጣው መኪና ይጋፋሉ። የጋሪው ባለቤት በአንድ እጁ ልጓም፣ በሌላው ስልክ ይዞ በጆሮ ማዳመጫ ሙሐደራ ይሰማል። እኔ ይህችን ከተማ የምወዳት በዚህ ነው። አንዱ ዘመን ሌላውን ገፍቶ አልጣለውም፤ ሁሉም ተጣቦ ይኖራል።

የከተማው ሰው ከስልኩ ጋር ያለው ነገር ግን መጀመሪያ ላይ አስገርሞኛል። ሶላት ላይ ቆመን ኢማሙ «ወለዷሊን» ሲሉ ከኋላ የአንዱ ስልክ በዘፈን ይመልስላቸዋል። ባለቤቱ ደግሞ እንዳያጠፋው ሶላቴ ይበላሻል ብሎ ይፈራል፤ እንዳይተወው ሰዉ ሁሉ ተረብሿል። ወንድሜ፣ እጅህን ኪስህ ከትተህ አጥፋው! ለችግር የሚደረግ ትንሽ እንቅስቃሴ ሶላት አያበላሽም። የሰባ ሰው ኹሹዕ የሚያበላሸው ዘፈኑ ነው። ከሶላት በኋላም ሰውየውን በዓይናችሁ አትብሉት፤ እሱ በዚያች ደቂቃ የተቀጣው ይበቃዋል።

ሰደቃውም መልኩን ቀይሯል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከመጣ ወዲህ ሳጥናችን ውስጥ የሚጣለው ብር ቀንሶ በስልክ የሚገባው በዝቷል። አልሐምዱሊላህ፣ ደግ ነው፤ «ዝርዝር የለኝም» የሚባል ምክንያት ቀረ። ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለው። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እስከማያውቅ ድረስ መደበቅ የተወደደ ነው ብለን እናስተምራለን፤ ብሩ ሲገባ ግን የላኪው ስም በመልእክት ይመጣል። አንድ ወንድም ልኮ ሲያበቃ ደውሎ «ኡስታዝ፣ ስሜን እንዳታየው» አለኝ። «አይቼዋለሁ፤ እረሳዋለሁ» አልኩት። እስካሁን አልረሳሁትም፤ አላህ ይቀበለው።

የሰዓት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ስልካችሁ 6፡32 ይላል፤ አፋችሁ 12 ከ32 ይላል። ይህን ለውጭ አገር ሰው አስረዱት ብትባሉ ትደክማላችሁ። ግን በአበሻ ሰዓት አትፈሩበት። እኛ ጸሐይ ስትገባ 12 ብለን አዲስ ቆጠራ እንጀምራለን። በኢስላም ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው በመግሪብ ነው። የረመዳን ጨረቃ ታየች የተባለ እንደሆነ ተራዊሕ የምንሰግደው በዚያው ማታ የሆነው ለዚህ ነው። በኦቶማን ዘመንም ሰዓታቸውን ጸሐይ ስትገባ 12 ላይ ያስተካክሉ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ ሁሉም ተኝቶ ሳለ ቀን ከሚለውጠው አቆጣጠር ይልቅ የኛው ለሰማዩ ይቀርባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ስልክ የገዛሁት ዘግይቼ ነው። የሶላት ወቅት የሚያሳየውን አፕ የጫነልኝ ከማቀራቸው ልጆች አንዱ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት በጣም ተደንቄ ነበር። ዱላው፣ ጥላው፣ ጠጠሩ ሁሉ ኪሴ ውስጥ ገባ! ቀስ በቀስ ሰማይ ማየት ተውኩ። ዝናብ ይምጣ አይምጣ እንኳ የማየው ስልክ ላይ ሆነ።

የመስጂዳችን ሙአዚን በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ስማቸውን ጠርቼ አላስቸግራቸውም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ሐጂ ስልክ አላቸው፤ የሚደውሉበት ብቻ ነው። ወቅቱን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የወቅት ሰሌዳ ያያሉ፤ ከዚያ ወጥተው ሰማዩን ያያሉ፤ ከዚያ አዛን ይላሉ። እኔ በሆዴ «ሁለት ጊዜ ማየት ምን ያደርጋል?» እል ነበር።

በ2015 ረመዳን፣ በመጋቢት ወር ነው። ድሬዳዋ ዘመድ ሞቶብን ለተዕዚያ ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ። እዚያ ሳለሁ አፑ ቦታውን ራሱ አስተካክሎ «ድሬዳዋ» አለ፤ በእሱ አፈጠርኩ፣ በእሱ ሰገድኩ። ባትሪ እንዳይጨርስብኝ ብዬ ሎኬሽኑን አጠፋሁት። በአምስተኛው ቀን ሌሊት በአውቶቡስ ተሳፍሬ ከአሱር በኋላ አዳማ ገባሁ። ፆመኛ ነኝ፣ መንገዱ አድክሞኛል፣ ቀጥታ መስጂድ ሄድኩ።

መስጂዳችን ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሰፈር ብዙም ስለማይርቅ በረመዳን የሚያፈጥርበት ሰው ብዙ ነው። የሰፈሩ ሰው አለ፤ ጫኝና አውራጆች አሉ፤ አፍጥረው ወዲያው መንገዳቸውን የሚቀጥሉ ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው አሉ። ያን ቀን ሰማዩ ደመና ነበር። ደመና ባይኖር እንኳ አዳማ በኮረብታ የተከበበች ናት፤ ጸሐይዋ ከአድማስ ሳትጠልቅ አስቀድማ ከኮረብታው ጀርባ ትሰወራለች። አዲስ ሰው ገባች ብሎ ይሳሳታል።

ቴምሩ ታድሏል፣ ሾርባው ተቀድቷል። ኪሴ ውስጥ ስልኬ አዛን አለ። ተነስቼ ማይኩን አበራሁ። ሐጂ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ኢልማ ኮ፣ ገና ነው» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሐጂ፣ ወቅቱ ገብቷል» አልኳቸው።

«ምስራቁን እየው፤ አልጠቆረም።»

«ሐጂ፣ ይኼ በሳተላይት ነው የሚሠራው!»

ይህችን ቃል ዛሬም ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል። ሐጂ መለስ አላሉልኝም። በሳተላይት ለሚመጣ ነገር ምን መልስ ይሰጣል? አዛን አልኩ። ሰዉ «ቢስሚላህ» ብሎ ቴምሩን አፉ ውስጥ አደረገ። እኔም እንዲሁ። ውኃ ጠጣሁ፣ ሳምቡሳ አነሳሁ። ቀና ስል ሐጂ በር ላይ እንደቆሙ ናቸው። ቴምሯ በእጃቸው ናት፤ አልቀመሱም። ፊታቸው ወደ ምስራቅ ነው።

ያኔ አንድ ነገር ታወቀኝ፤ ጸጥታው። አዳማ ውስጥ ስንት መስጂድ አለ! መግሪብ ሲገባ ከአራቱም ማዕዘን አዛኑ ይደራረባል። ያን ቀን ግን ከኔ ድምፅ ሌላ የተሰማ አልነበረም። ስልኬን አወጣሁ። ሰዓቱ 12 ከ22 ሆኖ ነበር። ከላይ በትንሽ ጽሑፍ የቦታው ስም ተጽፏል፤ ድሬዳዋ።

እኔ አዳማ ገብቻለሁ፤ ስልኬ ግን ድሬዳዋ ቀርቷል።

ነገሩን ላስረዳችሁ፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ጸሐይ ከምስራቅ ወደ ምዕራብ ስትሄድ እያንዳንዱን የኬንትሮስ ዲግሪ ለመሻገር አራት ደቂቃ ይፈጅባታል። ከአዳማ እስከ ድሬዳዋ ያለው ልዩነት ሁለት ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። አራት ጊዜ ሁለት ተኩል አሥር ነው። ድሬዳዋ ላይ በ12 ከ22 የምትገባው ጸሐይ አዳማ ላይ የምትገባው 12 ከ32 ገደማ ነው። አዳማና አዲስ አበባ ግን የሚለያዩት በሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ እኛ እንቀድማለን። የአዲስ አበባን ወቅት ይዞ አዳማ ላይ የሚያፈጥር ሰው ሁለት ደቂቃ ይዘገያል እንጂ አይሳሳትም። በሱሑር ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የአዲስ አበባን ሱብሂ እየጠበቀ አዳማ ላይ የሚበላ ሰው ወቅቱ ከገባ በኋላ ሊጎርስ ይችላል። ሁለት ደቂቃ ትንሽ ናት፤ አሥር ደቂቃ ግን ትንሽ አይደለችም።

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ። ስህተቱን እዚያው አውቄዋለሁ፤ ማይኩም ከፊቴ ነበር። ግን አልተናገርኩም። ሰው ይሳሳታል፤ ዝምታዬ ግን ስህተት አልነበረም፤ እያወቅሁ ያደረግሁት ነው። «ማን ያውቃል? ደመና ነው። አሥር ደቂቃ ናት። አሁን ብናገር ሰዉ ይታወካል፣ ክብሬም ይነካል» እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ደቂቃዎቹ አለፉ። ከዚያ የጎረቤት መስጂዶች አዛን ከዚህም ከዚያም ተነሳ። ጥቂት ሰዎች ቀና ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ሐጂ ቴምራቸውን ቀመሱ። ከዚያ ማይኩን ሳያበሩ፣ በር ላይ እንደቆሙ፣ በራሳቸው ድምፅ ቀስ ብለው አዛን አሉ። ያለ ወቅቱ የተባለ አዛን አይበቃምና መልሰው ማለታቸው ነው። ማይኩን ያላበሩት ግን እኔን ላለማዋረድ ነው። ሰግደን ወጣን።

ሾፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ሰግደው ወዲያው ተነሱ። ሞተር ሲነሳ ሰማሁ።

ለሸኻችን ደወልኩላቸው። አሁን አርጅተዋል፤ እዚያው አርሲ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ሰማዩን አይተህ ነበር?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ ሸኻዬ።»

«ስለ ጸሐይ ስልኩን ጠየቅህ። ስለ ስልኩስ ማንን ጠየቅህ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ልጅ ሆኜ በቃሌ የያዝኩትን ሑክም መልሰው አስታወሱኝ። ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ደመና ባለበት ቀን ሰዎች አፍጥረው ጸሐይዋ ተመልሳ መታየቷን አስማእ ቢንት አቢ በክር መናገሯን ቡኻሪ ዘግቧል። ገብታለች ብሎ አስቦ ያፈጠረና በኋላ አለመግባቷ የተረጋገጠበት ሰው ወንጀል የለበትም፤ ቀኑን ግን ቀዷ ያወጣል። የአራቱም መዝሀቦች አቋም ይህ ነው። ቀዷ የለበትም ያሉ ዑለማዎችም አሉ፤ ኢብን ተይሚያ አንዱ ናቸው። እኛ ደረሶች የቀራነው የሻፊዒይን ፊቅህ ነው፤ ኢማሙ ነወዊ ሚንሃጅ ላይ እንዳስቀመጡት ሰውዬው ለማፍጠር ወይ እርግጠኛ መሆን ወይ መርምሮ መድረስ አለበት። «ሰዉ አንተን አምኖ ነው ያፈጠረው፤ ወንጀል የለበትም። አንተ ግን ሳትመረምር ነው ያልከው። ዛሬውኑ ንገራቸው፤ ነገ ሰዉ ይበተናል» አሉኝ።

ከኢሻ በኋላ፣ ከተራዊሕ በፊት ተነሳሁ። ብዙ ጊዜ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ እንደዚያ ቀን ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። «ያ ጀመዓ፣ ዛሬ አዛኑን አሥር ደቂቃ አስቀድሜ ነው ያልኩት። ስልኬ ድሬዳዋ ላይ ነበር። ሐጂ ነግረውኝ አልሰማኋቸውም። ከዚያም አውቄ ዝም ብያለሁ። በመጀመሪያው አዛን ያፈጠራችሁ ሁሉ ይህን ቀን ቀዷ አውጡ። አፉ በሉኝ» አልኩ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። «ስልኩ በባቡር ይምጣ!» አለ ሌላው። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ወጣት ተነሳ። ጫኝና አውራጅ ነው፤ ትከሻውን ብታዩት ይገባችኋል።

«ኡስታዝ፣ የዛሬን ቀን እንዴት እንደዋልኩት ታውቃለህ?» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዲያው ደክሞት ነው። «ሲሚንቶ ስናወርድ ነው የዋልነው።»

በአዳማ የመጋቢት ሙቀት፣ ጉሮሮ በሲሚንቶ አቧራ ደርቆ፣ ውኃ ሳይቀመስ። ያን ቀን ሙሉ ፆሞ፣ የቀሩት አሥር ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። እነሱን ያበላሸሁበት እኔ ነኝ። ምን ልበለው? «የኔንም ቀን ካንተ ጋር እፆመዋለሁ፤ ቀኑን አንተ ምረጥ፤ ኢፍጣሩ በኔ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና ተቀመጠ።

ከኢድ በኋላ ሥራ የሌለው አንድ ሐሙስ መርጦ ነገረኝ። ወሬው ተሰምቶ ያን ቀን ቀዷውን የፆመው ሰው ብዙ ሆነ። ሾርባውን ባለቤቴ ሠራች፣ ጎረቤቶችም ጨመሩ። አመሻሽ ላይ ሁላችንም ቴምር ይዘን በር በሩን እናያለን። ሐጂ ሰሌዳውን አዩ፤ ወጥተው ሰማዩን አዩ። ከዚያ ወደኔ ዞረው «ሳተላይቱስ ምን ይላል?» አሉኝ። ጫኝና አውራጁ እየሳቀ ሾርባው ሊደፋበት ነበር። አዛኑን ሐጂ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓት አበጅተናል። ሐጂ ሰማዩን ያያሉ፤ እኔ ስልኩንና ሰሌዳውን አያለሁ። ሦስቱ ከተስማሙ አዛን ይባላል፤ ካልተስማሙ እንጠብቃለን።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ተነስታችሁ «ቴክኖሎጂ ይጥፋ» የምል እንዳይመስላችሁ። መስጂድና የሰዓት ዕውቀት የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በድሮ ዘመን በትልልቅ መስጂዶች ሙወቂት የሚባል ባለሙያ ነበር፤ ሥራው የሶላት ወቅት ማስላት ነው። ኢብኑ ሻጢር የሚባሉት የሥነ ፈለክ ሊቅ የደማስቆው የኡመዊ መስጂድ ሙወቂት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ በ1371 አካባቢ ለመስጂዱ ሚናራ የጥላ ሰዓት ሠርተዋል። እኚህ ሰው ዛሬ ቢኖሩ አፑን ራሳቸው ይሠሩት ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን እሳቸው መሣሪያቸውን ያውቁት ነበር። እኔ የኔን አላወቅሁትም። አዲስ ነገር ሲመጣ መደናገርም የኛ ብቻ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያ ሲመጣ በሕንድ ዑለማዎች መካከል ሳይቀር በሶላት ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚል ክርክር ነበር። ዛሬ ያ ክርክር ለኛ እንግዳ ነው።

ስለዚህ ስልካችሁን ጣሉ አልላችሁም፤ ዕወቁት። አሁን ይህን እያነበባችሁ ሳለ አፑን ክፈቱና ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ የቦታውን ስም። ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ መተሐራ፣ ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱም ስትመለሱም መጀመሪያ እሱን ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ የሚያሰላበትን መንገድ። አሱር ላይ «ሐነፊ» የሚል ምርጫ አለ፤ በሐነፊ የዱላው ጥላ ሁለት እጥፍ እስኪሆን ይጠበቃል፤ በኛ አካባቢ አንድ ሰዓት ገደማ ልዩነት አለው። አንድ ወጣት «መስጂዱ አሱርን ያለ ወቅቱ ያሰግዳል» ብሎ ሲከራከረኝ ቆይቶ የተገኘው ነገር ይኼው ነው። ሁለቱም መዝሀብ ሐቅ ነው፤ ያጣላን አንድ ምልክት ናት። በሱብሂም እንዲሁ፤ አንዱ አፕ ጸሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስትሆን፣ ሌላው በ15፣ የግብፁ ደግሞ በ19 ተኩል ያሰላል። የደቂቃዎቹ ልዩነት ከዚያ ይመጣል። መስጂዳችሁ በየትኛው እንደሚሠራ ኢማማችሁን ጠይቁ።

ሦስተኛ፣ ቂብላ። የስልክ ኮምፓስ ብረት አጠገብ ይሳሳታል፤ ፎቅ ቤት ውስጥ ደግሞ ግድግዳው ሁሉ ብረት ነው። አንድ ተከራይ ከአልጋው አጠገብ ለወራት ወደ ሐዋሳ ሲሰግድ ኖሯል! እኛ አዳማ ያለን ሰዎች ግን ዕድለኞች ነን። መካ ከኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ወደ ምስራቅ የምታዘነብለው ሁለት ሦስት ዲግሪ ብቻ ነው። ያለ ስልክ ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ጸሐይ በትክክል ከከዕባ አናት በላይ ትቆማለች፤ ግንቦት 19 ወይም 20 በ6 ሰዓት ከ18፣ ሐምሌ 8 ወይም 9 በ6 ሰዓት ከ27። የኛና የሳውዲ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀነስ መደመር የለበትም። በዚያች ደቂቃ ዱላ አቁሙ፤ ከጥላው ጫፍ ወደ ዱላው ሥር ስታዩ ፊታችሁ ወደ ቂብላ ነው። የሸኻችን ዱላ ዛሬም ይሠራል።

በመጨረሻ፣ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩበትን ዋና ምክንያት ልናገር። የሰፈሬ ሰዎች አፉ ብለውኛል፤ አላህ ይውደድላቸው። የማልተኛበት ግን በሾፌሮቹ ነው። ያን ማታ ሰግደው ሲወጡ፣ እኔ ስህተቱን ሳልናገር፣ ሞተር ሲነሳ ሰምቻለሁ። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ ስማቸውን አላውቅም። ከተናገርኩ በኋላ ለመኪና ማቆሚያው ዘበኞች ነገርኳቸው፤ የመጡ ሾፌሮችን ለወራት ጠየቅሁ። ሁለቱን አገኘኋቸው፤ ሌሎቹን አላገኘሁም። ስልክ ነው ጥፋቱን ያመጣው፤ ምናልባት ስልክ ያደርስልኝ ይሆናል። በ2015 ረመዳን፣ በመጋቢት ወር፣ ደመና በነበረበት ቀን፣ አዳማ ከመኪና ማቆሚያው ብዙም በማይርቅ መስጂድ አፍጥረህ፣ ሁለተኛ አዛን ያለ ማይክ ሰምተህ ግራ ገብቶህ የሄድክ ወንድሜ ካለህ፣ ያ ቀን ቀዷ አለበት። ጥፋቱ የኔ ነው። አፉ በለኝ። በዚህ መንገድ ስታልፍ ደግሞ ግባ፤ ኢፍጣሩ በኔ ነው።

ይህን ያነበባችሁ፣ ሾፌር ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ አስተላልፉልኝ።

አላህ የሰራነውን ይቀበለን፤ የሳትነውን ይማረን።